የአያት ጠገራ ስንት ያወጣል? ከመግዛታችሁም ከመሸጣችሁም በፊት ስሌቱን እወቁት

ባለፈው ሰሞን አሰላ ውስጥ አንድ ወርቅ ቤት ገብቼ ነበር። ከመስታወቱ ሥር፣ ከመስቀሉና ከጆሮ ጌጡ ጎን፣ አምስት ጠገራ ብር ተደርድሯል፤ ሁሉም ማርትሬዛ ነው። ዋጋውን ብጠይቅ ባለሱቁ ሳያቅማሙ "አንዷ 12 ሺህ" አሉኝ።

"በዛ ጋሼ" አልኳቸው።

"ምን ይበዛል? 1780 የሚለውን አታይም? ሁለት መቶ ምናምን ዓመቷ ነው እኮ። አንቲካ ናት።"

ገና ሳልወጣ ከሳጉሬ ወገን ለገበያ የመጡ አንዲት እናት ገቡና የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው አንዲት ማርትሬዛ አወጡ። ባለሱቁ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩዋትና በኦሮምኛ "ያረጀች ናት እናቴ፣ ዛሬ ማን ይገዛታል? 3 ሺህ ልስጥዎ" አሏቸው።

ያው ሳንቲም፣ ያው ዕድሜ። ሲሸጡልን "አንቲካ"፣ ሲገዙን "ያረጀች"። ሰሞኑን በቴሌግራምና በቲክቶክ "ጠገራ ብር ያለው ያናግረኝ" የሚለው ማስታወቂያ የበዛውም በሁለቱ ቃላት መካከል ባለው ትርፍ ምክንያት ነው። ታዲያ ትክክለኛው ዋጋ ስንት ነው?

ስሌቱ በስልካችሁ ላይ አለ

አንድ ማርትሬዛ 28 ግራም ከጥቂት ነጥብ (28.07) ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ 83.3 በመቶው ንጹሕ ብር ነው፣ የቀረው መዳብ። ስለዚህ አንዷ ሳንቲም ውስጥ 23.4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለ ማለት ነው። የዓለም ገበያ ብርን የሚሸጠው በአውንስ ነው፤ አንድ የማዕድን አውንስ 31.1 ግራም ስለሆነ፣ አንድ ጠገራ የአውንስ ሦስት ሩብ (0.752) ይይዛል።

ስልካችሁ ላይ የዕለቱን የአንድ አውንስ ብር ዋጋ ፈልጉ። በ0.752 አባዙት፤ ያገኛችሁትን በባንኩ የዶላር ምንዛሪ አባዙት። አለቀ። ለምሳሌ አውንሱ 50 ዶላር፣ ዶላሩ ደግሞ 150 ብር ቢሆን 50 ሲባዛ በ0.752፣ 37 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይመጣል፤ በብር 5,640። የዛሬውን ቁጥር እናንተ አስገቡበት፤ ሁለቱም በየቀኑ ይለዋወጣሉ።

በዚህ ምሳሌ ከሄድን 12 ሺህ የጠየቀ ሰው የማዕድኑን ዋጋ ከእጥፍ በላይ ጠይቋል። 3 ሺህ የሰጠ ደግሞ ግማሹን ገደማ ወስዷል።

"1780" ዕድሜ አይደለም

ባለሱቁ የመዘዙት ትልቁ ካርድ ዓመተ ምሕረቱ ነበር። ይህ ካርድ ግን አይሠራም። ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው እ.አ.አ. በ1780 ነው፤ ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ቀጠለ። ነጋዴው የለመደው መልክ ስለሆነ፣ ቀኑ ቢቀየር አይቀበለውም ነበርና። ዛሬም የኦስትሪያ ማምረቻ ቪየና ውስጥ 1780 ብሎ ይመታዋል። ስለዚህ እጃችሁ ላይ ያለችው ሳንቲም የሁለት መቶ ዓመት ልትሆን ትችላለች፣ የአርባ ዓመትም ልትሆን ትችላለች።

የእኛ ታሪክ ደግሞ እዚህ ላይ ይገባል። እ.አ.አ. በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወር ሲዘጋጅ፣ ማርትሬዛን የመምታት መብት ከኦስትሪያ አስፈቅዶ ማኅተሙን ወደ ሮም አስመጣ። ሠራዊቱ እዚህ ስንቅ የሚገዛበት፣ ባላባት የሚያባብልበት ገንዘብ ያስፈልገው ነበር። ገበያው ለጣሊያን ብቻ እንዳይቀር ብዙም ሳይቆይ ፓሪስና ለንደንም መምታት ጀመሩ። አያቶቻችን ሣጥን ውስጥ ያለው ጠገራ ብዙው የዚህ ዘመን ሊሆን ይችላል። ታሪኩ ከባድ ነው፤ ግን በመቶ ሚሊዮኖች የተመታ ሳንቲም ብርቅ አይደለም። ብርቅ ካልሆነ ደግሞ ዋጋው በዋናነት የማዕድኑ ዋጋ ነው።

ልዩ የሚሆነው የምኒልክ ብር ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ ፓሪስ ያስመቱት፣ በአንድ ወገን የራሳቸው ምስል፣ በሌላው አንበሳ ያለበት። ክብደቱና የብር መጠኑ ከማርትሬዛ ጋር ሊባል በሚችል ደረጃ እኩል ነው (83.5 በመቶ)፤ ቁጥሩ ግን በጣም ያነሰ ስለሆነ ሰብሳቢዎች ከማዕድኑ በላይ ይከፍሉበታል። ያ ያላችሁ ሰዎች በሚዛን ብቻ እንዳትሸጡት። በሎሚና በአመድ ፈትጋችሁም አታብሩት፤ ሰብሳቢ የተፈተገ ሳንቲም አይወድም። በአንጻሩ ለአንገት ጌጥ ጆሮ የተበየደለት ወይም የተበሳ ጠገራ በአብዛኛው በማዕድን ዋጋው ብቻ ነው የሚሄደው።

የጃንሆይ ባለ 50 ሳንቲምም አትርሱ፤ 1936 የሚለው። 7 ግራም ሲሆን እንደ ዕትሙ 80 ወይም 70 በመቶ ብር አለበት። አራቱ ተደምረው አንድ ጠገራ ይጠጋሉ።

ለምን አሁን?

ሁለት ነገር ገጠመ። አንደኛ፣ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ወጣ። ሁለተኛ፣ የብር ማዕድን በዓለም ገበያ ራሱ ተወደደ፤ በመስከረም 2018 መጨረሻ አውንሱ 50 ዶላርን አልፎ ከ1980 (እ.አ.አ.) ጀምሮ የቆየውን ክብረ ወሰን ሰበረ። ሶላር ፓነል ብር ይበላል፣ ኤሌክትሮኒክስ ብር ይበላል። ስለዚህ የሣጥን ጠገራ በሁለት በኩል ተባዛ።

ወጣቱ የብሩ የመግዛት አቅም ሲወርድበት "ወርቅ አልችልም፣ ጠገራ ልግዛ" ቢል አይፈረድበትም። ግን ይህንንም እወቁ፦ እ.አ.አ. በጥር 1980 ወደ 50 ዶላር የደረሰ ብር በሁለት ወር ውስጥ ወደ 11 ዶላር ወርዷል። በ2011 እንደገና ወደ 50 ተጠግቶ እንደገና ወደቀ። ብር እንደ ወርቅ የረጋ አይደለም። በእጥፍ የገዛ ሰው ደግሞ ገበያው በእጥፍ እስኪወጣ ድረስ ገና ኪሳራ ላይ ነው።

ነጋዴው ሌባ ነው?

አይደለም። ሱቁ ኪራይ አለው፤ ሳንቲሙ ወራት ቁጭ ሊል ይችላል፤ ዋጋው ሊወርድበት ይችላል፤ ማቅለጥ ቢፈልግም ወጪ አለው። ከማዕድኑ ዋጋ በላይ ትንሽ መጠየቁ፣ ሲገዛም ትንሽ መቀነሱ ንግድ ነው። ችግሩ የክፍተቱ ስፋት ነው። ክፍተቱ የሚሰፋው ደግሞ አንደኛው ወገን ስሌቱን ስለማያውቅ ብቻ ነው። ስለ ወርቅ ብትጠይቁ አሰላ ውስጥ የግራሙን ዋጋ የማያውቅ ሰው የለም። ስለ ጠገራ ግን ሁሉም በግምት ነው የሚያወራው።

ስለዚህ ጠብ አያስፈልግም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ "ጋሼ፣ ይህችኑ ነገ መልሼ ባመጣት በስንት ይገዙኛል?" መልሱ ዋጋውን ይነግራችኋል። 12 ሺህ የጠየቀው "4 ሺህ" ካለ፣ የከፈላችሁት ለብር ሳይሆን ለወሬ ነው። አመስግናችሁ ውጡ፤ ሌላ ሱቅ አለ፣ አዳማም አንድ ሰዓት ተኩል ነው።

ሐሰተኛዋን መለየት

የኪስ ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ፤ 28 ግራም ገደማ መሆን አለበት። ማግኔት አስጠጉ፤ ብር በማግኔት አይሳብም። ጠርዟን እዩ፦ ዙሪያውን ጎላ ብሎ የተጻፈ የላቲን ጽሑፍ አለ፣ "በፍትሕና በምሕረት" ማለት ነው። ጠርዟ ለስላሳ ከሆነ ተጠንቀቁ።

ይበልጥ የሚያስተማምነው ግን የውኃው ነው። በሚዛኑ ላይ ውኃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጡና ቁጥሩን ዜሮ አድርጉት። ሳንቲሙን በክር አስራችሁ፣ ሥሩን ሳይነካ ውኃው ውስጥ አንጠልጥሉት። ሚዛኑ 2.7 ወይም 2.8 ግራም ካሳየ ደህና ነው። 3.2 እና ከዚያ በላይ ካሳየ ናስ ወይም ሌላ ቅይጥ ነው። አንድ ሰው ይህን እንዳታደርጉ ከከለከላችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

በቴሌግራም "ውጭ አገር ልኬ በዶላር እሸጥልሃለሁ" የሚላችሁ ካለ ደግሞ ቆም በሉ። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የብርና የወርቅ ሳንቲሞችን በተንቀሳቃሽ ቅርስነት ይጠቅሳል፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ወንጀል ነው። ኤርፖርት ላይ የሚያዘው ደላላው አይደለም፣ ሻንጣውን የያዘው ነው።

ወደ ሳጉሬዋ እናት ልመለስ። ሲወጡ ተከትያቸው ስልኬን አሳየኋቸው፤ ቁጥሩን በኦሮምኛ ነገርኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና ሳንቲሟን መልሰው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሯት። "የልጅ ልጄ እኮ ስልክ አለው" አሉ፣ "ግን ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ጠይቄው አላውቅም።"

እንግዲህ ዛሬ ማታ አያታችሁን ጠይቁ። ሣጥን ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ እሳቸው ይነግሯችኋል፤ ስንት እንደሚያወጣ እናንተ ትነግሯቸዋላችሁ።