ሻምበል አሌክስን ማን ገደለው?

በዚህ ሳምንት በቤተሰብ ማዕዘናችን ስለ ፊልም ጥቂት እንጨዋወታለን። የዚህ ዓምድ ጸሐፊ የሲኒማ ባለሙያ አይደለም፤ ፊልም የሚወድ፣ ያየውንም ለሰው ሳያወራ የማያድር ተራ ተመልካች ነው። ስለሆነም ከዚህ በታች የሚነበበው የሊቅ ትንታኔ ሳይሆን የአንድ ተመልካች አስተያየት መሆኑን አንባቢያን አስቀድመው ይወቁለት። በሐሳቡ የማይስማማ ቢኖር ከትዳር ጓደኛው ጋር ይከራከርበት፤ በቤት ውስጥ የሚነሣ ክርክር በፊልም ምክንያት ብቻ ቢሆን እንዴት በታደልን።

የመዝናኛ ዜና የሚባለውን ስንከታተል አንድ ነገር እናስተውላለን። ወሬው ሁሉ የሚጀምረው ከገንዘብ ነው። ይህ ፊልም ይህን ያህል ሚሊዮን ወጣበት፣ ያኛው ይህን ያህል አስገባ፣ እገሌ የተባለው ተዋናይ ይህን ያህል ተከፈለው ይባላል። ወጡ ጣፈጠ አልጣፈጠ ሳይባል ድስቱ በስንት ብር እንደተገዛ ብቻ የሚወራበት ግብዣ ይመስላል። የፊልም ዋጋና የፊልም ቁም ነገር ግን የተለያዩ መሆናቸውን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የዩጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ ትበቃናለች። (ከአንዱ በስተቀር በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ2016 በዝነኛዋ ዳይሬክተር በሚራ ናይር አዘጋጅነት «ክዊን ኦፍ ካትዌ» የተባለው ፊልም ወጣ። ካትዌ በካምፓላ የሚገኝ የድሆች መንደር ሲሆን፣ ታሪኩም በዚያ መንደር አድጋ ቼዝ በመጫወት ለዓለም አቀፍ ውድድር የበቃችው የፊዮና ሙቴሲ እውነተኛ ታሪክ ነው። ለሥራው የወጣው ገንዘብ 15 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያህል ነበር። ፊልሙ መልካም ፊልም ነው። በተለይ ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድገውን እናት ሆና ሉፒታ ኒዮንጎ የተጫወተችውን ክፍል፣ ባላቸው ግዳጅ ላይ ሳለ ቤቱን ብቻቸውን ይዘው የሚያድሩ እናቶቻችንና እኅቶቻችን ቢያዩት በብዙ ቦታ ራሳቸውን ያገኙበታል ብዬ አምናለሁ።

በዚያችው ከተማ ዋካሊጋ በሚባል ሌላ የድሆች መንደር ውስጥ ደግሞ በ2010 አንድ ሌላ ፊልም ተሠርቶ አለቀ። ለዚህኛው የወጣው ገንዘብ 200 የአሜሪካ ዶላር ያህል እንኳ እንደማይሞላ ይነገራል። የሠራው ቀድሞ በጡብ ሥራ ይተዳደር የነበረው አይዛክ ናብዋና ሲሆን፣ የፊልም ድርጅቱን ራሞን ብሎ የሰየመው ባሳደጉት በሁለቱ አያቶቹ በሬቸልና በሞኒካ ስም ነው። ኮምፒዩተሩን ዕቃ ለቃቅሞ የገጣጠመው ራሱ ነው። መትረየሱ ከቁርጥራጭ ብረትና ከእንጨት የተበጀ ነው። በካምፓላ ሕንፃዎች ላይ ቦምብ የሚያዘንበው ሄሊኮፕተርም ኮምፒዩተር የወለደው ነው። ተዋናዮቹ ቀን ሌላ ሥራ የሚሠሩ የሰፈር ሰዎች ናቸው። የፊልሙ ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሻምበል አሌክስን ማን ገደለው?» ማለት ነው።

ርእሱ የሠራዊት አባላትን ጆሮ እንደሚስብ አልጠራጠርም። ሻምበል አሌክስ «ታይገር ማፊያ» የተባለውን የወንበዴ ቡድን እንዲደመስስ የታዘዘ የዩጋንዳ ጦር መኮንን ነው። ሻምበሉ ይገደላል። «ብሩስ ዩ» የተባለው የኩንግ ፉ አዋቂ ወንድሙ ገዳዩን ፍለጋ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ጥይትና ቡጢ ሳያቋርጥ ይወርዳል፤ ተመልካቹም በሳቅ ይፈርሳል። ነገር ግን ፊልሙ አልቆ ሻምበሉን ማን እንደገደለው አይነገርም። በጥያቄ ተጀምሮ በጥያቄ ያልቃል። እኛም አገር የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም በ1957 ዓ.ም. ሲሠራ ርእሱ «ሂሩት አባቷ ማነው?» የሚል ጥያቄ እንደነበር አረጋውያን አንባቢዎቻችን ያስታውሱ ይሆናል።

በበኩሌ የሻምበል አሌክስ ጥያቄ መልስ ማጣቱ ከቀልዱ ሁሉ በላይ ልቤን ነክቶታል። በወታደር ቤት ውስጥ ይህ ጥያቄ የቀልድ ጥያቄ አይደለም። እንዴት ወደቀ? ማን አብሮት ነበር? የመጨረሻ ቃሉ ምን ነበር? እያሉ ዓመታት የኖሩ ቤተሰቦች በየጦር ሰፈሩ አሉ። ታዲያ በዚህ መሳቅ ነውር አይሆንምን? የሚለኝ ቢኖር አይሆንም እላለሁ። የዋካሊጋ ሰዎች ጥይትን በፊልም ብቻ የሚያውቁ አይደሉም። ናብዋና የተወለደው በ1973፣ በኢዲ አሚን ዘመን ነው። ከዚያ በኋላም እስከ 1986 ድረስ የዘለቀውን ጦርነት አገሩ አይታለች። እውነተኛውን መትረየስ በልጅነቱ ያየ ሰው ከብረት ቁርጥራጭ የውሸት መትረየስ ሠርቶ ቢስቅበት፣ ፍርሃቱን በገዛ እጁ ፈትቶ ገጣጠመው እንጂ በሙታን ላይ አላላገጠም።

ወደ ቤት ውስጥ ትርዒት የሚወስደን ቁም ነገር ደግሞ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ናብዋና በልጅነቱ ሲኒማ ቤት ገብቶ የማየት ዕድል ስላልነበረው ፊልምን ያወቀው ታላቅ ወንድሙ አይቶ ሲመለስ የሚተርክለትን በመስማት እንደነበር ተናግሯል። ይህም በካምፓላ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1972 ኢዲ አሚን እስያውያንን ከአገር ካባረረ በኋላ በነሱ ይዞታ የነበሩት ሲኒማ ቤቶች ተዳከሙ። ኖርማን ሲኒማ ይባል የነበረው ትልቅ አዳራሽ በኋላ የጸሎት ቤት ሆነ። በምትኩ በየመንደሩ «ቢባንዳ» የሚባሉ በእንጨትና በቆርቆሮ የተሠሩ የቪዲዮ ቤቶች በዙ፤ አግዳሚ ወንበር፣ ቴሌቪዥንና ማጫወቻ ካለ ሲኒማ ቤት ተከፈተ ማለት ነው።

በነዚህ ቤቶች ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አንድ አዲስ ሙያ ተፈጠረ። ሰውዬው ማይክሮፎን ይዞ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቀመጥና የፊልሙን ድምፅ ዝቅ አድርጎ ንግግሩን በሉጋንዳ ቋንቋ ይተረጉማል፤ ያብራራል፤ ይቀልዳል፤ ለአሜሪካዊው ጀግና የሰፈር ስም ያወጣለታል። «ቪዲዮ ጆከር» ወይም ባጭሩ «ቪጄ» ይሉታል። ተመልካቹ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ለፊልሙ ሳይሆን ለቪጄው ነው። የሻምበል አሌክስ ዋናው ቅጂ አልተረፈም፤ ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች በኢንተርኔት የተመለከቱት ቪጄ ኤሚ ከዳር እስከ ዳር እየተረከና እየፎከረ የሚሰማበት ቅጂ ነው። የተራኪው ድምፅ ፊልሙን ከመጥፋት አተረፈው ማለት ይቻላል።

እኛ ዘንድ በ2016 ቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር የተነሣው ክርክር አይረሳም። የአገር ውስጥ የጥበብ ሰዎች ገበያችንንና ባህላችንን ይጎዳል ብለው ተቃወሙ፤ ስጋታቸውም እንዲያው የሚናቅ አልነበረም። በሌላ በኩል እንግሊዝኛ የማያውቁ እናቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ከልጆቻቸው እኩል ተቀምጠው የውጭ ድራማ ተከታተሉ። እኔ ሁለቱም ወገን እውነት አለው ባይ ነኝ። ይሁን እንጂ የካምፓላው ዘዴ አንድ ብልጫ አለው። በአማርኛ ድምፅ የተቀዳው የቱርክ ሰው አማርኛ ተናጋሪ መስሎ ይቀርባል። ቪጄው ግን ከባዕዱ ጎን ቆሞ «እሱ እንዲህ አለ፤ እኔ ደግሞ እንዲህ እላለሁ» ይላል። ተመልካቹ የሰውዬውን ሐሳብና የተራኪውን ቀልድ ለይቶ ያውቃል።

ይህን ወደ የራሳችን ቤት እናምጣው። በብዙ ቤት ፊልም ሲከፈት የመጀመሪያው ትእዛዝ «ዝም በሉ!» የሚል ነው። ከዚያም እንግሊዝኛ የሚያውቀው አንዱ ልጅ ብቻውን ይዝናናል፤ እናት ሥዕሉን ብቻ ታያለች፤ አያት እንቅልፋቸውን ያንጎላጃሉ። ይህ ቤተሰብ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ተለያይቷል። በእኔ አስተያየት ቋንቋ የሚያውቀው ልጅ የቤቱ ቪጄ ሊሆን ይገባዋል። ለአያቱ ይተርክ፤ እናቱም ትጠይቀው፤ እሱም ሲመልስ ፊልሙን ከበፊቱ ይልቅ ይረዳዋል። ትረካ ለአገራችን ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም፤ ምሽት ላይ ተረት የሚሰማ ሕዝብ ነን።

የጦር ፊልም ሲሆን ደግሞ ተራኪነቱ የአባት ነው። በፊልም ላይ ጀግናው ሠላሳ ሰው ገድሎ ሸሚዙ እንኳ አይቆሽሽም። ልጅ ይህን ሲያይ አባቱም ግዳጅ ላይ ሆኖ እንዲሁ የሚውል ይመስለዋል። ወይም ይባስ ብሎ ሲተኮስ ያየው ሰው ሁሉ አባቱ እየሆነበት ሌሊት ይባንናል። አባት ለፈቃድ ሲመጣ ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ «ይህ መትረየስ ከእንጨት የተሠራ ነው፤ ይህ ደም ቀለም ነው፤ እውነተኛ ወታደር ግን ጓደኛውን ትቶ አይሮጥም፤ የወደቀ ሰውም ተነሥቶ ደመወዝ አይቀበልም» ቢለው ከመቶ ምክር ይበልጣል። አባት በሌለበትም እናት ይህን ማለት ትችላለች፤ ቴሌቪዥኑን መዝጋትም ሥልጣኗ ነው።

አንድ ላይ ተቀምጦ ማየት ቀላል ነገር አለመሆኑን ካምፓላ በመራራ መንገድ ታውቀዋለች። ያ ሻምበል አሌክስ ያለቀበት ዓመት ሐምሌ ወር በገባ በ11ኛው ቀን፣ ሕዝቡ ተሰብስቦ የዓለም ዋንጫን የፍጻሜ ጨዋታ በሚመለከትበት ሌሊት፣ በካባላጋላ ሰፈር በሚገኝ የኢትዮጵያ ምግብ ቤትና በቻዶንዶ የራግቢ ሜዳ ቦምብ ፈንድቶ ከ70 የሚበልጡ ሰዎች አለቁ። አልሸባብ ዩጋንዳ ወደ ሶማሊያ ጦር በመላኳ ያደረገው በቀል መሆኑን አስታወቀ። የሞቱት ወታደሮች አልነበሩም፤ ኳስ ሊያዩ የተሰበሰቡ ሰዎች ነበሩ። የካምፓላ ሰው ግን ከዚያ በኋላም በኅብረት መመልከትን አልተወም። ሰው በአንድ ስክሪን ፊት ጎን ለጎን ተቀምጦ መሳቁ ጠላት እንኳ የሚቀናበት ሀብት ከሆነ፣ እኛ በየቤታችን በነጻ ያገኘነውን ለምን እናባክነዋለን?

ከመሰነባበታችን በፊት ስለ ቅጂ ጉዳይ አንድ ቃል እንጨምር። የዋካሊጋ ተዋናዮች የሠሩትን ፊልም በዲስክ ይዘው ራሳቸው ቤት ለቤት እየዞሩ ይሸጡ ነበር። የሚጣደፉትም ሌባ ቀድቶ ከማሰራጨቱ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ ካልሸጡ የሚቀርላቸው ነገር ስላልነበረ ነው። ገንዘቡ ለሁሉም ይከፋፈላል። የእኛም አገር ፊልም ሠሪ ከዚህ የተለየ ዕድል የለውም። የጎረቤትን ዶሮ የማይነካ ጨዋ ሰው የተሰረቀ ፊልም ያለ ሐሳብ ገልብጦ ሲያይ ማየት ያሳዝናል። በወር አንድ የአገር ውስጥ ፊልም ከፍለን ብንመለከት ኪሳችን አይራቆትም፤ የሠራው ሰው ግን ሁለተኛውን ለመሥራት ይበረታል።

ለቅዳሜ ምሽት የሚሆን ፊልም ምረጥልን ለምትሉኝ አንባቢያን መልሴ ይህ ነው። ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት «ክዊን ኦፍ ካትዌ»ን ይይ። ልጆቹ ከፍ ከፍ ያሉበት ቤት ደግሞ ሻምበል አሌክስን ይሞክር። ቡና ይፈላ፤ ቆሎ ይቅረብ፤ ከመካከላችሁም አንድ ተራኪ ይመረጥ። ሻምበሉን ማን ገደለው ለሚለው ጥያቄ ከልጆቻችሁ የምትሰሙትን መልስ ጽፋችሁ ብትልኩልን በዚሁ ማዕዘን እናወጣዋለን። ደህና ሰንብቱ።