ስለ ስኳር በሽታ ክኒንና ስለ እግር መደንዘዝ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ፣ በዙሪያቸውም ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ ለስኳር ሕመምተኞች በብዛት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ ሜትፎርሚን የተባለው ክኒን ነው። ዣን ስቴርን የተባለው የፈረንሳይ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1957 የሕክምናውን ውጤት ካሳወቀበት ጊዜ ጀምሮ ይህ ክኒን ብዙ ሕይወት አድኗል፤ ዋጋውም ከሌሎቹ ይረክሳል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንጽፈው ማንም ሰው ክኒኑን ያቋርጥ ዘንድ አይደለም። ጉድለቱን መሸሸግ ግን አይገባንም።

ሜትፎርሚን ለብዙ ዓመት ሲወሰድ፣ ሰውነት ቫይታሚን ቢ 12 የተባለውን ንጥረ ነገር ከምግብ በሚገባ እንዳይቀበል ያውካል። ጉበት የዓመታት ስንቅ ስለሚያከማች ጉዳቱ ቶሎ አይታይም። ከዓመታት በኋላ ሕመምተኛው እግሩ ሲደነዝዝ፣ ምላሱ ሲቃጠል፣ ጉልበቱ ሲከዳው፣ ነገር ሲዘነጋ «ስኳሩ ነው» ይባልና ይታለፋል። እርግጥ ነው፣ ስኳር ራሱ ነርቭን ይጎዳል። ነገር ግን በስኳር የመጣው መደንዘዝ እምብዛም አይመለስም፤ በቫይታሚን ማነስ የመጣው ግን ቶሎ ከተደረሰበት ሊሻል ይችላል። እሾህ ሲወጋው ወይም የምድጃ ፍም ሲያቃጥለው የማይሰማው ገበሬ፣ እግሩን እስከ ማጣት ይደርሳል።

በአገራችን ነገሩን የሚያከብደው ሌላም ምክንያት አለ። ቢ 12 በተፈጥሮው የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከዕንቁላልና ከወተት ነው። በጤፍ፣ በበቆሎና በሽሮ አይገኝም፤ የቡሬ በርበሬም ወጡን ምንም ያህል ቢያጣፍጠው ይህን አይሰጥም። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ሲሆን፣ አጽዋማቱን ሁሉ የሚጠብቅ ሰው ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ከእነዚህ ምግቦች ይርቃል። በፍስክም ቢሆን ሥጋ አዘውትሮ የሚበላ የገጠር ቤት ጥቂት ነው። እኛ ጾምን የምንነቅፍ አይደለንም፤ ጿሚው ሕመምተኛ ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር እንላለን። «ቀይ ሥር ደም ይሞላል» የሚለው ምክር ለዚህ አይረዳም። ጎመንና ጥራጥሬ በውስጣቸው ባለው ፎሌት የደም ማነሱን ይሸፍኑት ይሆናል እንጂ ነርቭን አያድኑም፤ ስለዚህ ደሙ ደኅና የሆነ ሰው ነርቩ ሊጎዳ ይችላል።

የእንግሊዝ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022፣ ይህ ጉዳት ከ10 ሰዎች እስከ አንዱ ሊያገኝ የሚችል መሆኑንና ምልክት የታየበት ሁሉ እንዲመረመር አስታውቋል። የቢ 12 መለኪያ ግን በየጤና ጣቢያው አይገኝም። ምርመራው እስኪገኝ መጠበቅ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ እኛ በዚህ አንስማማም። ክኒኑን ከ4 ዓመት በላይ የወሰደ፣ የሚጾምና እግሩ የደነዘዘ ሰው ምርመራው ሩቅ ከሆነበት፣ በሐኪም ትእዛዝ ቫይታሚኑ በመርፌ ወይም በየዕለቱ በሚዋጥ 1000 ማይክሮግራም ክኒን ቢሰጠው ጉዳቱ እጅግ ጥቂት ነው። መዘግየቱ ግን የማይመለስ ጉዳት ያመጣል።

ክቡራን መምህራንን አንድ ነገር እንለምናለን። በአካባቢያችን ልጆች ማታ ማታ የአያቶቻቸውን እግር ያጥባሉ። ለተማሪዎቻችሁ ውኃውን አስቀድመው በገዛ እጃቸው እንዲለኩ፣ በጣቶቹ መካከልና በውስጥ እግር ቁስል መኖሩን እንዲያዩ፣ «ሙቀቱ ይሰማዎታል ወይ?» ብለው እንዲጠይቁ ንገሯቸው። አያት «አይሰማኝም» ያሉ እንደሆነ፣ የሕክምና ካርዳቸውን ይዘው፣ ክኒኑን ስንት ዓመት እንደ ወሰዱ ቈጥረው፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይምጡ።