ከ40 በኋላ ሳይክል ለምትጀምሩ፦ መጀመሪያ ማርሹን ቀንሱ

ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ጠዋት ከቦሌ ወደ መገናኛ በሚወስደው መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ ዓይኔ እየጨለመብኝ ነበር። ሳይክሌ አጠገቤ ተጋድሟል። አንድ በሳይክል የሚሠራ የዴሊቨሪ ልጅ ቆመና ውሃ ሰጠኝ። "ጋሼ፣ ደህና ነዎት?" አለኝ። "ደህና ነኝ" አልኩት። ሐኪም ነኝ ለማለት አፈርኩ። ልጁ ሳይክሌን አንስቶ አየት አደረገና "ይሄን ዳገት በዚህ ማርሽ ነው እንዴ የመጡት? እኔም አልችለውም እኮ!" ብሎ፣ የኋላውን ጎማ ብድግ አድርጎ ፔዳሉን እያዞረ ማርሹን ቀነሰልኝ።

ያኔ 48 ዓመቴ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ሳይክል የነዳሁት ደግሞ በ16 ዓመቴ ገደማ፣ ሰፈር ውስጥ በሰዓት የምትከራይ አንዲት ፍሬን የሌላት ሳይክል ላይ ነው። ሳይክል መንዳት አይረሳም ይባላል፤ እውነት ነው፣ ሚዛን መጠበቅ አይረሳም። ችግሩም እሱ ነው። ሚዛኑ ወዲያው ሲመለስልን ጉልበቱም አብሮ የተመለሰ ይመስለናል። እግሬ 16 ዓመቱን እያስታወሰ ሲገፋ፣ ልቤ ከወንበርና ከመኪና ተነስቶ የመጣ የ48 ዓመት ልብ ነበር።

ለምን ጀመርኩ? ከዚያ ቀን ሦስት ሳምንት በፊት አንዲት ነርስ በቀልድ መልክ ግፊቴን ለካችኝ፤ 152/96። በሌላ ቀን ደገምነው፣ ያው ነው። አባቴን የጣለው ስትሮክ ነው። ለታካሚዎቼ በቀን አሥር ጊዜ "እንቅስቃሴ አድርጉ" የምል ሰው፣ እኔ ከቤት ወደ ክሊኒክ በመኪና፣ ከክሊኒክ ወደ ቤት በመኪና። እሑዱን ሳይክል ገዛሁና ወጣሁ፤ ማንም ታካሚ ቢያደርገው የምቆጣበትን፣ ሳልመረመር።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው፦ ሳይክል ከ40 በኋላ ለአብዛኞቻችን እጅግ ጥሩ እንቅስቃሴ ነው፤ የሚጎዳን የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ችኮላ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያነሰ ነው። (የሳሳ አየር ጥቅምም አለው፤ ታዋቂው ቤልጂየማዊ ጋላቢ ኤዲ መርክስ በ1972 እ.ኤ.አ. የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰኑን ለመስበር ሜክሲኮ ሲቲ የሄደው አየሩ ብዙ ስለማይገታ ነው። እኛ ከሜክሲኮ ሲቲም ትንሽ ከፍ እንላለን።) እዚህ የምንኖር ሰዎች ሰውነታችን ለምዶታል፤ ሜዳ ላይ ልዩነቱ አይታወቀንም። ዳገት ላይ ግን ይታወቃል። ከተማችን ደግሞ ወደ እንጦጦ አቅጣጫ በሄዳችሁ ቁጥር ዳገት ናት።

እና ምን እናድርግ? የመጀመሪያውን ወር ዳገት እርሱት። ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ ባለው የብስክሌት መስመር፣ ወይም በየሰፈራችሁ ሜዳ ባለበት፣ 20 ደቂቃ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፤ በቃ። እኔ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል እወጣለሁ፤ የመኪናው ጭስም ግፊያውም ገና ነው። ልካችሁን በወሬ ፈትኑት፦ እየነዳችሁ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻላችሁ ልክ ናችሁ። መዝፈን ከቻላችሁ ትንሽ ጨምሩ። ቃል በቃል እየቆረጣችሁ ከሆነ ቀንሱ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ እዚያ ለመድረስ ሁለትና ሦስት ወር ቢፈጅ ማንም አይከሳችሁም።

ማርሹን ነገር ልድገመው፣ ምክንያቱም ጉልበታቸውን ይዘው የሚመጡት ብዙዎቹ ችግራቸው እዚህ ጋ ነው። ከባድ ማርሽ በዝግታ መግፋት ጉልበት ላይ ከፍተኛ ጫና ያሳርፋል። ቀላል ማርሽ ቶሎ ቶሎ ማዞር፣ በደቂቃ 70 እና 80 ዙር ያህል፣ ሥራውን ወደ ልብና ሳንባ ያዞረዋል፤ የምንፈልገውም እሱን ነው። መቀመጫችሁም ዝቅ አይበል። ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጋችሁ ፔዳሉ መጨረሻ ታች ሲደርስ እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት፤ ከዚያ በእግራችሁ ፊተኛ ክፍል ስትነዱ ጉልበታችሁ በመጠኑ ታጠፍ ይላል። ሰፈር ውስጥ የማያቸው ጎልማሶች ግማሾቹ መሬት በሙሉ እግራቸው ለመርገጥ ብለው መቀመጫውን አውርደው ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ ነው።

አሁን ወንዶች በውስጥ መስመር ወደምትጠይቁኝ ጥያቄ። "ዶክተር፣ ሳይክል ስንፈተ ወሲብ ያመጣል ይባላል?" ከብልትና ከፊንጢጣ መሃል ባለው ቦታ የሚያልፉ ነርቮችና የደም ሥሮች በጠባብ መቀመጫ ሊጫኑ ይችላሉ፤ መደንዘዙ የሱ ምልክት ነው። ሲደነዝዛችሁ ቁሙ፣ ፔዳሉ ላይ ተነሥታችሁ ጥቂት ንዱ፣ የመቀመጫውን አፍንጫ በጣም ትንሽ ወደ ታች አድርጉ፣ ካልተሻለ መቀመጫውን ቀይሩ። እየደነዘዛችሁ ዝም ብላችሁ አትቀጥሉ። በሌላ በኩል፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ሳይክል ጋላቢዎችን ከዋናተኞችና ከሯጮች ጋር ያነጻጸረ ትልቅ የመጠይቅ ጥናት ጋላቢዎቹ በወሲብ ጤናቸው የባሱ ሆነው አላገኛቸውም። በእኛ ዕድሜ ስንፈተ ወሲብ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከግፊት፣ ከስኳር፣ ከሲጋራና ከቦርጭ ነው፤ አንዳንዴም የልብ በሽታ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ነው። እሱን ትታችሁ ሳይክሏን አትክሰሷት።

መድኃኒት የምትወስዱ ግን ስሙኝ። አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል የምትወስዱ የልባችሁ ምት እንደ ሌላው ሰው አይጨምርም፤ ስማርት ሰዓታችሁ ትንሽ ቁጥር ቢያሳያችሁ ገና አልደከምኩም ማለት አይደለም፤ በወሬው ፈተና ተመሩ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የምትወስዱ የስኳር ታካሚዎች ኪሳችሁ ውስጥ ከረሜላ ወይም ስኳር ሳትይዙ አትውጡ፤ በጾም ባዶ ሆድ መንዳት ደግሞ ከሐኪማችሁ ጋር ሳትነጋገሩ በፍጹም። ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ በቤተሰብ የልብ ሕመም ያለባችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ታዩ። እየነዳችሁ ደረታችሁን የሚጨንቅ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ ከመጣ "ትንሽ ዐርፌ ልቀጥል" የለም። ቁሙ፣ ሰው ጥሩ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

እኔም ከዚያ እሑድ በኋላ ባልደረባዬ ዘንድ ሄጄ ኢሲጂና የደም ምርመራ አደረግሁ። ልቤ ደህና ነበር። ሊፒዴ ደህና አልነበረም። የባልደረባዬን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

ክብደት ለመቀነስ ብላችሁ ከሆነ ተስፋችሁን አለዝቡት። የአንድ ሰዓት ግልቢያ ያቃጠለው ካሎሪ በአንድ ክትፎና በሁለት ቢራ ይመለሳል፣ የእሑድ ጋላቢዎች ደግሞ መጨረሻቸው የት እንደሆነ ቦሌ ሁላችንም እናውቃለን። ሳይክል ከክብደት ይልቅ ግፊትን፣ ስኳርን፣ የልብ ብርታትንና እንቅልፍን ቶሎ ያሻሽላል። አጥንት ላይ ግን ብዙም አይሠራም፤ እግር ጉዞና ክብደት ማንሳት ይጨመርበት።

ከእሑድ ግልቢያ የበለጠ የምወደው ሥራ መሄጃውን ነው። በኮፐንሃገን 30,000 ያህል ሰዎችን የተከታተለና በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በሳይክል ሥራ የሚሄዱት የመሞት ዕድላቸው ከማይሄዱት በ28 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። መጀመሪያውኑ ጤነኛ የሆነ ሰው ሳይክል ይመርጣል ብላችሁ ብትከራከሩ እሰማችኋለሁ፤ ግን ተመራማሪዎቹ ሌላ ስፖርት መሥራት አለመሥራታቸውንም አስበውበታል። ኮፐንሃገን ሜዳ ናት፣ እኛ ዳገት አለን፤ መስመሩ ላይ የሚቆም መኪና አለ፣ ድንገት የሚገባ እግረኛ አለ። ሄልሜት ግድ ነው። ሆኖም የኮሪደር ልማቱ ከቦሌ ወደ መገናኛና ወደ ሲኤምሲ መስመር ባያወጣ እኔ ዛሬ በሳምንት ሁለት ቀን በሳይክል ክሊኒክ አልገባም ነበር።

ትልቁ ዳገት የሰው አፍ ነው። የሕንጻው ጥበቃ መጀመሪያ ቀን "ዶክተር፣ መኪናው ተበላሸ?" አለኝ። አንድ ታካሚ ደግሞ አዘነልኝ። ሳይክል የልጅ ወይም የድሃ ነገር ሆኖ ተቆጥሯል። አገራችን ግን ኦሊምፒክ በገባችበት የመጀመሪያ ዓመት፣ በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን፣ ከሯጮቹ ጋር ሳይክል ጋላቢዎችም ልካ ነበር፤ ገረመው ደንቦባ በጎዳናው ውድድር 24ኛ ወጣ፣ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ከማሸነፉ አራት ዓመት በፊት። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ለጥበቃው ይሄን ስነግረው "እሺ ዶክተር፣ ግን ዝናብ ሲመጣስ?" አለኝ። ዝናብ ሲመጣ በመኪና እሄዳለሁ፤ ክረምቱን ሙሉ ጀግና መሆን አያስፈልግም።

ግፊቴ አሁን 130 ዎቹ ውስጥ ነው። መድኃኒቴን አላቆምኩም፣ እናንተም በራሳችሁ እንዳታቆሙ። ያችን የመገናኛ ዳገት በትንሹ ማርሽ፣ ሳልቆም እወጣታለሁ። የዴሊቨሪ ልጆቹ አሁንም ያልፉኛል፣ "ጋሼ፣ አይዞዎት!" እያሉ።