ከቀዩ መድኃኒት በኋላ የሚቀረው ቁጥር

በሕፃናት የካንሰር ክፍል ውስጥ ዶክሶሩቢሲንን በስሙ የሚጠራ ወላጅ ብዙ አይደለም፤ የሚታወቀው በቀለሙ ነው። ቀይ ነው። በደም ሥር ከተሰጠ በኋላ የልጁ ሽንትም ይቀላል፤ አስቀድሞ ያልተነገራት እናት ደም መስሏት ነርስ ፍለጋ ትሮጣለች። የመድኃኒቱ ዘር የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በደቡብ ኢጣሊያ፣ ካስቴል ዴል ሞንቴ ከሚባለው የ13ኛው ክፍለ ዘመን ግንብ አካባቢ ከተወሰደ አፈር ነው። በአፈሩ ውስጥ የነበረች ባክቴሪያ ቀይ ቀለም ታመነጫለች፤ ከእሷ መጀመሪያ ዳውኖሩቢሲን፣ ቀጥሎም ዶክሶሩቢሲን ወጡ። እነዚህ ባይኖሩ ኖሮ ከደም ካንሰር፣ ከሊምፎማና ከአጥንት ካንሰር ድነው ዛሬ ትምህርት ቤት የሚውሉ ብዙ ልጆች በሕይወት አይኖሩም ነበር።

ስለዚህ ጠቡ ከመድኃኒቱ ጋር አይደለም። ጉዳዩ ፀጉሩ በቅሎ፣ ቤተሰቡም ስለቱን አስገብቶ ሁሉም ነገር ካለፈ ከዓመታት በኋላ የሚመጣው ነው።

መድኃኒቱ የካንሰሩን ሴል ሲገድል የልብ ጡንቻ ሴሎችንም ይጎዳል። የቆዳ ወይም የደም ሴል ሲሞት ሌላ ይተካዋል፤ የልብ ጡንቻ ሴል ግን አንዴ ከሞተ ምትክ የለውም ማለት ይቻላል። የ4 ዓመት ልጅ ጉድለቱ አይሰማውም፤ ትንሽ ልብ ለትንሽ ሰውነት ይበቃል። በጉርምስና ቁመቱ ሲመዘዝ ግን በቁጥር ያነሱት ሴሎች የጎልማሳ ሰውነት ሸክም ይወድቅባቸዋል። የልቡ ግድግዳ ይሳሳል፤ ደም የመግፋት ኃይሉ ይቀንሳል። ደረት ላይ የተሰጠ ጨረር ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው፤ የልብን ደም ሥሮች ያጠባል፣ ቫልቮቹንና የልብን ሽፋን ያደነድናል።

ተመራማሪው ስቲቨን ሊፕሹልትዝና ባልደረቦቻቸው በቦስተን በዶክሶሩቢሲን ታክመው ከደም ካንሰር የዳኑ 115 ልጆችን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1991 ሲያሳትሙ፣ ከግማሽ በሚበልጡት ላይ የልብ ጡንቻ መዛባት ማየታቸውን ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የሰሜን አሜሪካ ጥናት በ14,358 ሰዎች ላይ የተሠራ ነው፤ ሁሉም በልጅነታቸው ካንሰር ይዟቸው ቢያንስ 5 ዓመት የኖሩ ናቸው። ተመራማሪዎቹ ያነጻጸሯቸው ከገዛ እህትና ወንድሞቻቸው ጋር መሆኑ ብልህነት ነው፤ ያደጉት በአንድ ቤት፣ የበሉት ከአንድ ማዕድ ነውና። ከካንሰር የተረፉት በልብ ድካም የመያዝ ዕድላቸው ስድስት እጥፍ ገደማ፣ በድንገተኛ የልብ ሕመም ደግሞ አምስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። አደጋው ጎልቶ የታየው የቀዩ መድኃኒትና የዘመዶቹ ድምር በአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ገጽ 250 ሚሊግራም በደረሰባቸው ወይም ባለፈባቸው ላይ ነው።

እጥፍ ሲባል ያስደነግጣል፤ ግን በወጣት ላይ የልብ ድካም እምብዛም ስለማይታይ የትንሽ ቁጥር ስድስት እጥፍም ትልቅ ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ተከታይ ውጤት በ1990ዎቹ ከታከሙት መካከል በ20 ዓመት ውስጥ የልብ ድካም የያዛቸው ከመቶ አንድ አይሞሉም። ይህን አንብቦ ልጁን ከኳስ ሜዳ የሚያስወጣ ወላጅ ተሳስቷል። አደጋው ግን ዕድሜ ሲገፋ አብሮ ይጨምራል።

የበለጠ የሚያሳስበው አለማወቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ የአሜሪካ ጥናት 635 ከልጅነት ካንሰር የተረፉ ጎልማሶች ስለ ሕክምናቸው ተጠይቀው ነበር። የቀድሞው ሕክምና ኋላ ላይ ከባድ የጤና ችግር ሊያመጣ እንደሚችል የተረዱት 35 በመቶው ብቻ ነበሩ። የበሽታቸውና የሕክምናቸው ማጠቃለያ በጽሑፍ የተሰጣቸው ደግሞ 15 በመቶ! ይህ የሆነው ሐኪምም ገንዘብም ባልጠፋበት አገር ነው።

በኢትዮጵያ ከጥቁር አንበሳ ሌላ በጅማ፣ በጎንደርና በመቀሌ ሆስፒታሎች ሕፃናት የካንሰር ሕክምና ያገኛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በበለጸጉ አገሮች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት የካንሰር ሕሙማን ልጆች ሲድኑ፣ በብዙ ድሃ አገሮች የሚድኑት ከ30 በመቶ በታች ናቸው። ‹‹መጀመሪያ ይዳኑ እንጂ! የ30 ዓመቱን ልብ አሁን ማን ያስባል?›› የሚል አይጠፋም። ስለ ውድ መሣሪያ ከሆነ ክርክሩ ያስኬዳል፤ ስለ ግማሽ ገጽ ወረቀት ግን አያስኬድም። የካንሰሩ ዓይነት፣ የመድኃኒቶቹ ስም፣ የቀዩ መድኃኒት ጠቅላላ ድምር፣ ጨረር ተሰጥቶ ከሆነ የት እና ምን ያህል፤ ይኸው ነው። ሐኪሟ መድኃኒቱን ባዘዘች ቁጥር መጠኑን አስልታዋለች፤ የቀረው መደመር ነው። በአውሮፓ ይህን መሰሉን መረጃ ‹‹የተራፊዎች ፓስፖርት›› ብለው ለባለቤቱ ይሰጣሉ።

እዚህ ካርዱ መዝገብ ቤት ይቀራል፤ ልጁ ግን አድጎ ከጅማ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ሪያድ ወይም ዋሽንግተን ይሄዳል። የባሰው ደግሞ በብዙ ቤት የበሽታው ስም ለልጁ አለመነገሩ ነው። ‹‹ደም ማነስ ነበረብህ›› ተብሎ ያደገ ወጣት በ25 ዓመቱ ደረጃ መውጣት ሲያቅተው፣ ‹‹ከዚህ በፊት ታመህ ታውቃለህ?›› ለሚለው ሐኪም ምን ይመልሳል? የልብ ሕመም በቶንሲል በሚሳበብበት አገር ጥርጣሬው ወደዚያው ቢያዘነብል አይገርምም። ለሴቶቹ ጉዳዩ ይብሳል፤ የሊፕሹልትዝ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1995 እንዳሳየው ሴት ልጆች በቀዩ መድኃኒት ይበልጥ ይጎዳሉ። ኋላም ሲያረግዙ ትንፋሽ ማጠሩና የእግር ማበጡ ‹‹የእርግዝና ነው›› ተብሎ ይታለፋል። ዓለም አቀፉ መመሪያ ግን እንዲህ ያለችው ሴት ከማርገዟ በፊት ወይም በመጀመሪያዎቹ ወራት ልቧን በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) እንድትታይ ይመክራል። ብዙ መድኃኒት ለወሰዱት ደግሞ ሕክምናው ካለቀ በ2 ዓመት ውስጥ፣ ከዚያም በኋላ በየ2 ዓመቱ ኢኮ እንዲነሡ ያዛል።

ኢኮ በየወረዳው የለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት ግን ቀዩን መድኃኒት የወሰደ ሰው የደም ግፊት ከጨመረበት የልብ ድካም አደጋው ከሁለቱ ድምር እጅግ እንደሚልቅ አሳይቷል። የግፊት መለኪያ ጤና ጣቢያ ውስጥ አለ። ጤነኛ የሚመስል የ20 ዓመት ወጣት በየጊዜው ለምን መለካት እንዳለበት ለነርሷ የሚነግራት ያ ግማሽ ገጽ ወረቀት ነው፤ እስካሁን አብዛኞቹ ቤተሰቦች ሳይጠይቁት፣ አብዛኞቹ ሐኪሞችም ሳይጽፉት የሚቀረው።