ቴዎድሮስን በበሶ ማንበብ

የመጽሐፍ ወዳጆች ስለ አፄ ቴዎድሮስ የተጻፈ ልብ ወለድ ለማንበብ ተሰባስበው ገበታ ቢያሰናዱ፣ መጀመሪያ የሚታሰባቸው ዶሮ ወጥና ጠጅ ነው። ለንጉሥ የሚገባው ያ ነው ይባላል። እኔ ግን ምግቡን ሊመርጥ የሚገባው የባለታሪኩ ማዕረግ ሳይሆን፣ ታሪኩ የሚሄድበት ወርና አገር ነው እላለሁ። የአቤ ጉበኛን «አንድ ለእናቱ» ወይም የብርሃኑ ዘሪሁንን «የታንጉት ምስጢር» ለሚያነብ ሰው የማቀርበው የጥቅምት በሶ ነው።

የዘመን አቆጣጠሩን እንመልከት። ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ የተነሡት በ1860 ዓ.ም. መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው። ወደ 7 ቶን የሚጠጋውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፋቸውን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ ገደሉን እያስቆፈሩ፣ የጋይንትን ደጋ አቋርጠው በጨጨሆ ወደ ዋድላና ደላንታ አለፉ። መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። ዛሬ ከወረታ ወደ ወልድያ የሚጓዝ አውቶቡስ ንፋስ መውጫንና ጨጨሆን በሰዓታት ያልፋል፤ ያኔ ወራት ፈጅቷል።

ጉዞው ሲጀመር ጾመ ጽጌ ገብቷል፤ በጉና ተራራ ግርጌ ቀድሞ የተዘራው ገብስ ለእሸት በቅቷል። ገበሬው ዓመቱን የሚኖርበት እህል ገና ማሳ ላይ ነው። የንጉሡ ግዛት እየጠበበ በሄደባቸው በእነዚያ ዓመታት ሠራዊቱ በጌምድርን ደጋግሞ እንደዘረፈ የታወቀ ነው። እሸት የያዘ ማሳ ባለበት አገር ረኃብተኛ ሠራዊት ማለፉ ምን ማለት እንደሆነ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም።

በሶ ይህን ሁሉ ያሳያል። ገብሱ ታጥቦ ይሸከሸካል፤ ከዚያ ተቆልቶ ይፈጫል። እሳቱም ድካሙም ቤት ውስጥ ያልቃል፤ መንገደኛው ውሃና ጨው ብቻ ይበቃዋል። በዙር አባ ዝማሬ መዋሥዕት፣ በቤተልሔም ድጓ ለመማር አገር አቋርጦ የሚሄደው ተማሪም የተጓዘው እንዲህ ባለ ስንቅ ነው። ወታደሩ ባፈሰ ቁጥር የሚበላው የአንዲትን ሴት የሌሊት ወፍጮ ነው። ልብ ወለዶቻችን ጀግናውን፣ ፈረሱንና መድፉን ይስላሉ፤ ወፍጮውን አልፈውት ይሄዳሉ። አንባቢ በሶውን በእጁ ሲያሸው ግን ማን እንደፈጨው ሳይጠይቅ አይቀርም። ምግብ ከመጽሐፍ ጋር መቅረቡ ጌጥ ነው የሚሉኝን የምቃወመው በዚህ ነው።

አዘገጃጀቱ ቀላል ነው። አራት እፍኝ በሶ፣ ጨው፣ ትንሽ በርበሬና ሁለት ማንኪያ የኑግ ዘይት፤ ውሃውን ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ እስኪጠነክር ማሸት፣ ከዚያ በእጅ ጨብጦ ጭብጦ ማድረግ። በጽጌ ጾም ቅቤ አይገባበትም። አዲሱ ገብስ ከደረሰ የተለበለበ እሸት ከጎኑ ይቅረብ። የጋይንት ደጋ ዛሬ የሚታወቅበት ድንች ግን ለዚህ ገበታ አይሆንም። ድንችን ወደ ኢትዮጵያ አስገባ የሚባለው ጀርመናዊው ሺምፐር ነው፤ ያስገባውም በ1850ዎቹ ዓ.ም. መግቢያ ገደማ ነው፤ ሠራዊቱ ሲያልፍ ገና እንግዳ ተክል ነበር።

የታሪኩ መጨረሻ ፋሲካ ላይ ይውላል። ዓርብ ስቅለት ዕለት ከእንግሊዝ ጦር ጋር የአሮጌ ጦርነት ሆነ፤ በትንሣኤው እሑድ ንጉሡ ለጦሩ አዛዥ ለጄኔራል ናፒየር 1,000 ላምና 500 በግ ላኩ፤ ስጦታው ተቀባይነት አላገኘም፤ ሰኞ ሕይወታቸው አለፈ። ስለዚህ መጽሐፉን ጥቅምት ላይ ጀምሮ የመጨረሻውን ምዕራፍ እስከ ትንሣኤ ማቆየት የሚቻል ነው፤ የዶሮ ወጡም ቦታ እዚያ ነው። ያ ሠራዊት የማንን ጎተራ አራግፎ፣ የማንን በረት ባዶ አድርጎ መቅደላ እንደደረሰ የሚተርክ ልብ ወለድ ግን ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ በወጣ ደራሲ እጅ ተጽፎ ማንበብ እመኛለሁ።