«ከሐበሻ ራቅ» የሚልህን ራቀው

ለትምህርት ወደ ውጭ ለሚሄድ ልጅ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር አንድ ምክር ይቋጠርለታል፦ «እዚያ ስትደርስ ከሐበሻ ራቅ።» አጎት ይለዋል፣ ቀድሞ የሄደ ጓደኛ ይለዋል፣ የቲክቶክ መካሪ ሁሉ ይለዋል። ሐበሻ ያማሃል፣ ሐበሻ ቋንቋ አያስለምድህም፣ ሐበሻ ወደ ኋላ ይጎትትሃል። እኔ ማስተርሴን የተማርኩት ጀርመን ነው፤ ይህ ምክር በመጀመሪያው ዓመት ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ በቅርብ አይቻለሁ። ስለዚህ ሳላለዝብ ልናገር፦ ምክሩ የተሳሳተ ብቻ ሳይሆን ዋጋ የሚያስከፍል ነው። ከፋዩ ደግሞ መካሪው አይደለም።

ጀርመንን ምሳሌ ላድርግ። አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ስኮላርሺፕ ወይም ዋስ የሌለው ተማሪ ግን ለቪዛው በዝግ ሒሳብ ገንዘብ ማስቀመጥ አለበት፤ ከፈረንጆቹ 2024 ወዲህ መጠኑ 11,904 ዩሮ ነው፣ በወር 992 ይለቀቅለታል። ያንን ገንዘብ ለማሟላት ስንት ዘመድ እንደሚበደር እናውቃለን። ይህን ሁሉ አልፎ የደረሰ ልጅ መጀመሪያ የሚገጥመው ካልኩለስ አይደለም፣ ወረቀት ነው። አድራሻህን ለማስመዝገብ ቤትና የአከራይ ማረጋገጫ ያስፈልግሃል። ቤት ለመከራየት አከራዩ የገቢ ማስረጃ አምጣ ይልሃል። ገንዘብህ ከዝግ ሒሳቡ እንዲለቀቅ ሌላ የባንክ ሒሳብ መክፈት አለብህ፤ ብዙ ባንክ ደግሞ የአድራሻ ምዝገባ ወረቀትህን ይጠይቃል።

እኛ ፕሮግራመሮች ይህን ዴድሎክ እንለዋለን፤ ሁለት ሥራዎች አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ሁለቱም ቆመው ይቀራሉ። ዴድሎክ በትዕግሥት አይፈታም፣ አንዱ ወገን መልቀቅ አለበት። እኔ ባየሁት፣ የሚለቀው ብዙ ጊዜ አንድ ሐበሻ ነው፦ «ቤት እስክታገኝ እኔ ጋ ሁን፤ አከራዬን አናግሬ እናስመዘግብሃለን።»

ከዚያ ትንንሾቹ ይከተላሉ። በፖስታ ሳጥንህ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ክፍያ ደብዳቤ ይመጣል፤ ቴሌቪዥን ኖረህም አልኖረህም በወር 18.36 ዩሮ። ማስታወቂያ መስሎት የሚጥለው ሰው አለ፣ ዕዳው ግን ይጠራቀማል። ክፍያው በሰው ሳይሆን በቤት መሆኑን፣ አራት ሆናችሁ ብትኖሩ አንዳችሁ ከከፈለ እንደሚበቃ የሚነግርህ ካገኘህ ጉዳዩ የአንድ ደቂቃ ወሬ ነው። ካላገኘህ የወራት ራስ ምታት ነው።

ትምህርቱም እንደዚያው። እኛ አገር 4.0 ያመጣ ሰቃይ ነው፤ ጀርመን 4.0 ለጥቂት ማለፍ ነው፣ ምርጡ 1.0 ነው። እኛ አገር ከኩዊዝም፣ ከአሳይመንትም፣ ከሚድም ነጥብ ይለቀማል፤ እዚያ በብዙ ኮርስ ሙሉ ውጤትህ በአንድ ፈተና ላይ ይንጠለጠላል። ለፈተናው ደግሞ ብዙ ቦታ ለብቻው መመዝገብ አለብህ። ክፍል ስለተማርክ ብቻ ወረቀቱ አይሰጥህም። በብዙ ዩኒቨርሲቲ አንድን የግዴታ ፈተና ሦስት ጊዜ የወደቀ ከዘርፉ ይሰናበታል፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ደግሞ የቆመው በተማሪነቱ ላይ ነው።

ምክሩን ቃል በቃል የፈጸመ ልጅ አውቃለሁ። ሐበሻ የሌለበት ሰፈር ቤት ያዘ፣ ስልካችንን አያነሳም ነበር። የፈተና ምዝገባው እንዳለፈው ያወቀው አዳራሹ በር ላይ ስሙ ከዝርዝሩ ሲታጣ ነው። ለቤተሰቡ «አልፌያለሁ» አለ። ያንን ክረምት በውሸቱ ታፍኖ ለብቻው ገፋው። ጀርመናዊ ጓደኛም አላፈራም። ከሐበሻ መራቅ በራሱ ወደ ማንም አያቀርብማ!

የሚገርመው፣ ጀርመኖቹ ራሳቸው በዚህ ምክር አይኖሩም። በየትምህርት ክፍሉ ፋኽሻፍት የሚባል የተማሪዎች ኅብረት አላቸው። አዲስ ገቢ ይቀበላል፣ ግቢውን ያስጎበኛል፣ ብዙ ቦታ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ሰብስቦ ለተማሪ ይሰጣል። እኛስ ብንሆን? አገራችን ግቢ ስንገባ መናኸሪያ ድረስ መጥቶ ሻንጣችንን የተቀበለን ማን ነበር? ግቢ ጉባኤው፣ ጀመዓው፣ ፌሎውሺፑ፣ ያገራችን ልጅ። ዶርም ተመድቦልን፣ ካፌ ተዘጋጅቶልን እንኳ ያለ ሲኒየር አልሆነልንም። ዶርሙም ካፌውም በሌለበት አገር «ብቻህን ተወጣው» ማለት ምን የሚሉት ምክር ነው?

ሐሜት የለም አልልም። አለ። ከአገር ቤት የተጫነ የብሔር ጠብም በቡና መሀል ይፈነዳል። ቅዳሜና እሑዱን ሁሉ በአማርኛ የሚጨርስ ሰው ጀርመንኛ እንደማይለምድም እስማማለሁ። ይህ ግን የመጠን ጉዳይ ነው። የሚያምህን ሰው ራቀው፣ መብትህ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ከሐበሻ ጋር ሆነህ ሌላውን ቀን ከክፍል ጓደኞችህ ጋር አሳልፍ፣ ማን ከለከለህ? ደግሞ ነገ የት እንደሚያድር የማያውቅ ጭንቅላት የጀርመንኛ ሰዋስው አይገባውም፤ መጀመሪያ መረጋጋት አለበት። አንድን ሕዝብ በጅምላ ሽሽ ማለት ግን ስለ ቋንቋ የተሰጠ ምክር አይደለም፣ ንቀት ነው። የራስን ሰው አሳንሶ ማየትን ብልጠት ማስመሰል ነው። «ከሐበሻ ራቅ» የሚለው ራሱ ሐበሻ ነው፤ ምክሩን ከምር ከወሰድነው መጀመሪያ መራቅ ያለብን ከእሱ ነው።

ቀድማችሁ የሄዳችሁ፣ እናንተም አትተርፉም። «እኔ ማን ረዳኝ?» የምትሉ አላችሁ። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ አንድ ሰው ችግር ፈትቶ መፍትሔውን ሳይጽፍ ሲሄድ፣ ሌላው እንደ አዲስ ሲለፋ ማየት ያበሳጨኛል። እናንተ ከተማ የትኛው ባንክ ያለ አድራሻ ወረቀት ሒሳብ ይከፍታል? የፈተና ምዝገባ መቼ ይዘጋል? የተማሪ መኖሪያ ወረፋ መቼ ነው የሚያዘው? አንድ ገጽ በአማርኛ ጻፉና ለሚመጣው ላኩለት። ከእናንተ የሚወስደው አንድ ከሰዓት ነው።

ልትሄዱ የተዘጋጃችሁ ደግሞ፣ ከመሳፈራችሁ በፊት በምትገቡበት ከተማ የሚማር የአንድ ሐበሻ ስልክ ያዙ። ስትደርሱ ደውሉ። ካልተመቻችሁ ሌላ ፈልጉ። በዓመቱ የእናንተ ስልክ ሲጠራ ደግሞ አንሱት።