ሞሊናን በዱላው ብቻ አትመዝኑት

ቤዝቦል ሲነሳ ቀድሞ የሚወራው ኳሷን ከአጥር ወዲያ ስለሚያሻግረው መቺ ነው። ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ የሚያመሸውን ካቸር ግን ብዙ ተመልካች ልብ አይለውም። ፊቱን በጭንብል፣ ደረቱንና ቅልጥሙን በመከላከያ ሸፍኖ፣ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የሚምዘገዘግ ኳስ በጓንቱ ይቀልባል። ወርዋሪው ምን ዓይነት ኳስ እንደሚወረውር በምልክት የሚነግረውም አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

ያዲየር ሞሊና ይህን አድካሚ ሥራ ከ2004 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ድረስ 19 የውድድር ዘመን ሠርቶታል፤ ያውም በአንድ ክለብ፣ በሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ። በካቸርነት ለአንድ ክለብ 2,184 ጨዋታ የተሰለፈ ሌላ ሰው የለም። የፖርቶ ሪኮ ልጅ ነው፤ ሁለቱ ታላላቅ ወንድሞቹ ቤንጂና ሆሴም በዚያው በአሜሪካ ዋናው የቤዝቦል ሊግ ካቸር ነበሩ።

ችሎታው ጎልቶ የሚታየው የተጋጣሚ ሯጭ ሁለተኛውን ቤዝ ሊሰርቅ፣ ማለትም ኳሷ ሳትመታ ሮጦ ሊይዘው ሲነሳ ነው። ካቸሩ ኳሷን ቀልቦ፣ ከጓንቱ ወደ ቀኝ እጁ አዛውሮ፣ 39 ሜትር ገደማ ርቆ ወዳለው ቤዝ መላክ አለበት። ለዚህ ሁሉ ያለው ጊዜ ሁለት ሰከንድ ያህል ነው። ሞሊና አንዳንዴ ከጉልበቱ ሳይነሳ ይወረውር ነበር። በሥራ ዘመኑ ሊሰርቁበት ከሞከሩት መካከል ከመቶ 40 ያህሉን አስቀርቷል። ክንዱን ፈርተው ከቤዛቸው ንቅንቅ ያላሉትን ግን ማን ቆጠራቸው? ትልቁ ሥራው እዚያ ያለ ይመስላል፤ መዝገብ አይይዘውም።

በ2018 ግንቦት ከመቺው ዱላ ጫፍ የተነካ ኳስ ብሽሽቱን መትቶት በአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በወሩ ተመልሶ ቁጢጥ አለ፤ በዚያው ዓመት ለምርጥ ተከላካዮች የሚሰጠውን የወርቅ ጓንት ለዘጠነኛ ጊዜ ወሰደ። ከወርዋሪው አዳም ዌይንራይት ጋር ደግሞ 328 ጨዋታ አብረው ጀምረዋል፤ የትኛውም ጥንድ እዚህ አልደረሰም። ሁለት ጊዜ፣ በ2006 እና በ2011፣ የዓለም ሲሪዝ ዋንጫ አንስቷል።

የሚነቅፉት 176 ሆም ራኑን፣ ማለትም ከአጥር ወዲያ ያሻገራቸውን ኳሶች፣ ይቆጥሩና ያንሳል ይላሉ። እውነት ነው፣ የአገሩ ልጅ ካቸር ኢቫን ሮድሪጌዝ 311 መትቷል። ግን ካቸር የሚቀጠረው በዋናነት ለመከላከልና ወርዋሪ ለመምራት ነው። ግብ ጠባቂን ባገባው ጎል የሚመዝን የለም።

ስሙ ለቤዝቦል የክብር አዳራሽ የሚቀርበው በ2028 ነው። ለመግባት ከመራጭ ጋዜጠኞቹ የ75 በመቶ ድምፅ ያስፈልገዋል። መራጮቹ ይህን ድምፅ ሳያጓትቱ በመጀመሪያው ዓመት ሊሰጡት ይገባል።